ናፍታሊን የሚሸት ኮት

ናፍታሊን ዛሬም ይሸጥ እንደሆነ አላውቅም። ድሮ አርባ ምንጭ፣ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ገበያ ዳር፣ መርፌና ክር ከሚቸረችሩት ሴቶች ዘንድ፣ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ በስሙኒ ይገኝ ነበር። ነጭ ነው፣ ክብ ነው፣ ቁርጥ ሚንት ከረሜላ። እኔ በዕድሜዬ አንዲት ፍሬ ቤቴ አስገብቼ አላውቅም፤ ልጅ ከረሜላ መስሎት ቢውጠውስ? ልብሴን ብል ይብላው። ሰፈሩ በዚህ ይስቅብኛል፤ "የመክሊት እናት ጥላዋንም ትፈራለች" ይላሉ። ልክ ናቸው፣ እፈራለሁ። ልጆቼን ያለ እኔ ወደ ሐይቁ አስወርጄ አላውቅም። አዞ አልበላቸውም፤ ያልበላቸው እናታቸው ፈሪ ስለሆነች ነው። በር ቆልፌ ከተኛሁ በኋላ ተነስቼ እንደገና የምገፋ ሰው ነኝ። ናፍታሊንን የምጠላው ግን በከረሜላው ብቻ አይደለም። ያ ሽታ ለእኔ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ሞቷል ብዬ ስንት ዘመን ከተቀመጥኩ በኋላ፣ በቀደም ላይኛው ከተማ ሴቻ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ከፊቴ ካለው ወንበር ሸተተኝ።

የሄድኩት ለስብሰባ ነው። ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውርን ለመከላከል ረቂቅ ተዘጋጅቷል፣ ሕዝብ ይወያይበት ተባለ። እኔ የእናቶች ተወካይ ነኝ። ማን እንደመረጠኝ አላውቅም። ከአራተኛ ክፍል ያላለፈች ሙዝ ሻጭ ሕግ ላይ ምን እንደምትወያይ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የምጠራበትን ምክንያት ግን አውቀዋለሁ፦ ዝም ስለምል ነው። ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፣ እጅ አውጡ ሲሉ አወጣለሁ፣ የታሸገ ውኃዬን ይዤ በሚኒባስ ወደ ሲቀላ እወርዳለሁ። እንደ እኔ ያለ ተወካይ ከየት ይገኛል? የዚያን ቀን ግን ልጄ መክሊትም አብራኝ መጣች። እሷ የመጣችው ለረቂቁ አልነበረም።

መክሊት እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃለች። ፎቶዋ በጥቁር ጋውን ሳሎን ተሰቅሏል፤ እሷ ደግሞ ከፎቶው በታች ተቀምጣ ስልክ ስትነካ ትውላለች። ሥራ የለም። ማስታወቂያ የተለጠፈበት ቦርድ ሁሉ ያውቃታል። በቅርቡ ቢኒ የሚባል ደላላ አገኘች፤ እሷ ደላላ አትለውም፣ ኤጀንት ነው የምትለው። ታይላንድ የሚባል አገር፣ በቢሮ ውስጥ፣ በኮምፒውተር ደንበኛ ማናገር ነው ሥራው አላት። ከዚያ አገር ወጣ ብሎ፣ በጫካ መሃል በታጠረ ግቢ ስለተዘጉ ልጆች በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ስነግራት "እነሱ ያለ ዋስ የሄዱት ናቸው" ትለኛለች።

"እማዬ፣ ፓስፖርቱ ወጥቷል፣ ሁሉም አልቋል። ያላለቀው ያንቺ እሺታ ብቻ ነው። ሳትመርቂኝ አልሄድም።"

"ይህን ልጅ ማን ያውቀዋል?"

"ዋስ አለው አልኩሽ እኮ። አንድ የአገር ሽማግሌ ይመሰክሩለታል። እኚህ ሰው ደግሞ የሕገ ወጥ ዝውውር መከላከያ ኮሚቴው ውስጥ ናቸው! ሌባ ቢሆን እሳቸው ዋስ ይሆኑታል?"

ልጄ ሞኝ አይደለችም። ቀበሮውን የበግ በረት ኮሚቴ ውስጥ ካስገቡት፣ በጓ ምን ታድርግ?

"ሴቻ ስብሰባው ላይ ይመጣሉ" አለችኝ። "ራስሽ አይተሽ ጠይቂያቸው። ጥሩ ሰው ካልመሰሉሽ እቀራለሁ። ጥሩ ሰው ከሆኑ ግን ትመርቂኛለሽ።"

በዚህ ተስማማን። ሌሊቱን ሙሉ ሽማግሌውን ምን ብዬ እንደምጠይቅ ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ።

የሆቴሉ አዳራሽ በሙቀት ይፋጃል። ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ባነር ተሰቅሏል፤ ስለ ልጆቻችን የሚያወራ ጽሑፍና አንዲት የምታለቅስ ልጅ ሥዕል አለበት። ሥዕሏ የሌላ አገር ልጅ ነች፤ የእኛን የሚያለቅሱ ልጆች ለመፈለግ ጊዜ አልነበራቸውም መሰለኝ። የክብር እንግዳው ዘግይተዋል ተብሎ ምርቃቱ ለኋላ ተላለፈ። ከፊት መስመር የተቀመጡት ባለሥልጣናት በሸሚዝ ሆነው ወረቀት ያራግባሉ። በመካከላቸው አንድ ሽማግሌ በዚያ ሁሉ ሙቀት የሱፍ ኮት ለብሰው ገቡ። ከመቀመጣቸው በፊት የኮታቸውን ጭራ በሁለት እጃቸው ሰብስበው ወደ ጎን አደረጉና ቀስ ብለው ዝቅ አሉ። ሽታው ያኔ ደረሰኝ። መክሊት በክርኗ ነካ አደረገችኝና "እሳቸው ናቸው" አለች። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ሴቻ አልነበርኩም። ኦቾሎ ነበርኩ፣ ልጅ ነበርኩ፣ ይኸው ኮት እቤታችን በርጩማ ላይ ጭራውን ሰብስቦ ሲቀመጥ አይ ነበር።

ኦቾሎ ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ የሸንተረሩ አናት ላይ ናት። ከቤታችን ደጅ ሐይቁ እንደ ተዘረጋ ቡልኮ ይታያል፤ እኛ ግን ከላይ ሆነን በብርድ እንንቀጠቀጣለን። ያኔ መንግሥቱ ሌላ ነበር፤ የቱ እንደነበር ለእኔ ለውጥ የለውም፣ እሱም ስብሰባ ይወድ ነበር። ዳቦ በአምስት ሳንቲም፣ ላምባ በጠርሙስ፣ ሳሙና ደግሞ ለበዓል ብቻ የሚገዛ ነገር ነበር። እኛ ልጆች በባዶ እግራችን ነን፣ አባቶቻችን በበረባሶ፤ ሸራ ጫማ ያደረገ ሰው ከታየ መምህር ነው ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ሸማኔ ነው። ሸማኔዎቹ ለመስቀል ይመጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ሴቶች ቅቤ፣ ወንዶች የበሬ ገንዘብ የሚያጠራቅሙት ለእነዚያ ቀናት ነው። ከመኪና መንገዱ ወርደው አቀበቱን ሲወጡ እኛ ከላይ ሆነን "ዮ ማስቃላ!" እያልን እንጮሃለን፣ እነሱም ከታች ይመልሳሉ፤ ገደሉ ድምፁን ይቀባበለዋል። ተርጋል ሱሪ፣ ኮሌታው የተንጋለለ ሸሚዝ፣ የቆዳ ልብስ ያለው ሬዲዮ። ሬዲዮው እኛ ተራራ ላይ ከመንሿሿት በቀር ምንም አይናገርም ነበር፤ ግን ተሸካሚው ጆሮው ላይ አድርጎ እየሳቀ ራሱን ይነቀንቃል፣ እኛም አብረን እንስቃለን። እንዲህ ያለ ሞኝነት ነበረን።

ከሁሉም የሚበልጠው ሻንካ ነበር። ኮት የለበሰው እሱ ብቻ ነው። አዲስ አበባ የራሱ የሽመና ቤት አለው፣ ብዙ ልጆች ተቀምጠው ይሸምኑለታል ይባላል። ኮቱን ለመስቀል ብቻ ስለሚያወጣው ናፍታሊን ይሸታል፤ እኛም ያንን የአዲስ አበባ ሽታ ነው እንል ነበር። ልጆች ተሰልፈን ኮቱን እናሸት ነበር! ከኪሱ ከረሜላ ያወጣል፣ ከረሜላውም ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል፣ እኛ ግን እንበላዋለን። እሱን ለማብላት ቤቶች ይሽቀዳደማሉ። እናቴ የገብስ ገንፎ ትሠራና መሃሉን ጎድጉዳ ቅቤ ታፈስበታለች፣ ዳጣውን በጎን ታስቀምጣለች፤ አባቴ ከበሬው ጎድን ለእሱ ያስቀርለታል። ሻንካ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ዓይኑን በልጆች ላይ ያዞራል። በገበያ ቀን ዶሮ የሚያይ ሰው እንደዚያ ነው የሚያየው፤ ክብደቱን በዓይኑ ያነሳዋል። "ይህን ልጅ ሰው ላድርገው" ይላል። ያኔ ስሙ ይኸው ነበር። ሕገ ወጥ ዝውውር የሚባል ነገር አልሰማንም። ሰው ማድረግ ነው የሚባለው።

በዚያ ዓመት ዓይኑ ያረፈው በወንድሜ በአንጁሎ ላይ ነው። አንጁሎ ከእኔ ያንሳል። ግራኝ ነበር፤ ማንኪያም፣ ድንጋይም፣ የአባቴንም መወርወሪያ በግራ እጁ ነው የሚይዘው። አባቴ ጋልቦ ሸማኔ ነበርና ከዳዴ ጀምሮ የሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ ነው ያሳደገው። ሻንካ "ትምህርት ቤቱ ከቤቴ በር ፊት ለፊት ነው፤ ጠዋት ይማራል፣ ማታ ትንሽ ትንሽ ይሸምናል" አለ። አባቴ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው፤ ትምህርት ሲሉት በሬውንም ይሰጣል። ደግሞም እምቢ የሚለው ለማን ነው? በእጁ ላበላው፣ በቤቱ ላሳደረው፣ ለመረቀው እንግዳ? ሻንካ የበላው ገንፎ ገና ከሆዱ ሳይወርድ አንጁሎን ይዞት ወረደ። ወንድሜ አዲስ ቁምጣ አድርጎ ነበር፤ ከኮቱ ጎን ጎን እየሮጠ፣ እኛን ለማየት እንኳ አልዞረም፤ ኮቱን እያየ ነበር።

ይህን ስለማውቅ የዛሬዎቹ ባለሥልጣናት በሬዲዮ "እርምጃ ወስደናል" ሲሉ እዘጋባቸዋለሁ። ምን እርምጃ እንደሆነ ላጫውታችሁ። ባለፈው በጋ ከምዕራብ አባያ የእህቴን ትንሽ ልጅ ሐኪም ቤት ላሳየው ይዤው ስመጣ፣ መንገድ ላይ ኬላ አቁመው መኪናችንን አስቆሙት። አንድ ጎረምሳ አንገቱን አስገብቶ "እናት፣ ይህ ልጅ የማን ነው?" አለኝ። "የእህቴ" አልኩት። "ማስረጃ?" ልጁ ትኩሳት አለበት፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል። "ማስረጃው ይኸው፣ ንፍጡ ልብሴ ላይ አለ" አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ፣ እሱ አልሳቀም፤ አስወረደኝ። በሚኒስትር ደረጃ እንደምፈለግ ሽፍታ ፀሐይ ላይ አቁሞ ከየት ወዴት እያለ ሲመረምረኝ፣ በልጆች የተሞላ መኪና መስታወቱን ዘግቶ እያለፈ ሄደ። ሹፌሩ በመስኮት እጁን አወጣ፣ ጎረምሳው በአክብሮት መለሰለት። ያን ቀን የሆነውን በሪፖርት አንብበውት ይሆናል፤ አንዲት አሮጊት ተጠርጥራ ተይዛ ተመክራ ተለቀቀች ተብሎ።

ወደ አንጁሎ ልመለስ። በሚቀጥለው መስቀል ሻንካ ብቻውን መጣ። "ፈተና ላይ ነው፣ ትምህርቱን አላቋርጠውም ብዬ ነው" አለ፤ እኛም በዚህ ኮራን። ከሻንጣው አንድ ነጠላ አወጣና ለእናቴ በሁለት እጁ ሰጣት፣ "ልጅሽ የሸመነው ነው።" እናቴ እልል አለች። ጎረቤት ተሰብስቦ ነጠላውን እየዳሰሰ መረቀ። አባቴ ተቀበለና ዳሩን በሁለት ጣቱ እየቆነጠጠ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት። ሸማኔ በሁለት እጁ ነው የሚሠራው፤ ጨርቁ ግን የትኛውን እጁን እንደሚያምን ይናገራል። የቀኝ እጅ ሰው የግራ ዳሩ ይላላል፣ የግራኝ ደግሞ የቀኙ። አባቴ ፈገግ አለና "የእሱ ነው። ቀኙ ልል ነው" አለ። እናቴ ያንን ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ንግሥት ነበር የምትመስለው።

በሦስተኛው መስቀል ሌላ ነጠላ መጣ፤ የበለጠ ያማረ፣ ጥለት ያለው። እናቴ እልልታዋን ጀመረች። አባቴ ዳሩን ቆንጥጦ ሄደበት፣ ገልብጦ እንደገና ሄደበት። የልቡ ያልሆነ ሳቅ ሳቀና አጥፎ አስቀመጠው። የላላው የግራ ዳሩ ነበር። ግን ምንም አላለም። ለምን እንዳላለ የጋሞ ልጅ ያልሆነ ሰው ላይገባው ይችላል። በእኛ ዘንድ በመስቀል ሰሞን ጠብ የለም። የተኳረፈ ሳይታረቅ መስቀልን አይቀበልም፤ በበዓሉ ቀናት በእንግዳ ላይ ድምፅ ከፍ ማድረግ ጎሜ ነው። ጎሜ ሲባል ነውርም መርገምም ነው፤ በአንተ አያቆምም፣ በእህልህና በከብትህም ይወርዳል። አባቴ በዓሉ እስኪያልፍ ሊጠብቅ፣ ከዚያ ዱቡሻ፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት አደባባይ ላይ ሊያቆመው አሰበ። ሻንካ ግን ይህን ሕግ ከእኛ በላይ ያውቀው ነበር። የእኛን ሰላም እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ይመጣል፣ ጃንጥላው ሳይታጠፍ ይወርዳል። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሲነሳ እንግዳው የለም፤ የጎረቤትን ልጅ ይዞ ወርዷል።

አባቴ ተከትሎት አዲስ አበባ ሄደ። ከተማ የማያውቅ ሰው፣ አማርኛው ሰላምታ የማይሞላ ሰው፣ የሸማኔ ሰፈሮችን በእግሩ እየዞረ በየቤቱ በር ቆሞ ወደ ጉድጓዶቹ እያየ "አንጁሎ!" እያለ ተጣራ። ልጆች ቀና ይላሉ አለ፣ ሁሉም የእኛ አገር ልጆች ናቸው፣ አንገታቸው ቀጭን ነው፤ ግን አንጁሎ አልነበረም። ሻንካ ቤት "ከዓመት በፊት ጠፍቶ ሄዷል፣ ይሙት ይኑር አናውቅም" አሉት። ለመንግሥት ሰዎች አመለከተ። "ዘመድህ ነው የወሰደው፤ ራስህ ሰጥተህ ማንን ትከሳለህ?" ብለው ሸኙት። ተመልሶ መጣና መወርወሪያውን ሰቀለ፤ ከዚያ በኋላ ሲሸምን አላየሁትም። ሻንካም ከዚያ ወዲህ ወደ ኦቾሎ አልወጣም። እኔ አግብቼ ወደ ሲቀላ ወረድኩ፣ እናትና አባቴ አለፉ። ለልጆቼ ስለ አንጁሎ ብዙ አልነገርኳቸውም፤ "የጠፋ አጎት ነበራችሁ" ብቻ። ልጅ በፍርሃት እንዳያድግ ብዬ እኔው ሁለቱን ፍርሃት ተሸከምኩት።

እና ያ ሰው ይኸው ሴቻ፣ ከፊት ወንበር። ረቂቁን የሚያብራራው ባለሙያ ወጣት ነው፣ ከላይ የተላከ፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቀረ። መብራት ሲጠፋበት ግድግዳው ላይ የሚያሳየውን ትቶ ከወረቀቱ ያነብ ጀመር። "በረቂቁ መሠረት ሰውን በማታለል መመልመል" ይላል፤ ሻንካ ራሱን ይነቀንቃል። "ማጓጓዝ" ይላል፤ ይነቀንቃል። "ማስጠለል፣ መቀበል"፤ አሁንም ይነቀንቃል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሥራው ሲነገርለት እንደሚነቀንቀው። ቅጣቱ ሲነበብ ደግሞ "በጣም አነሰ!" ብሎ ጮኸ፣ አዳራሹም አጨበጨበለት። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው፤ አልዋሽም፣ ሰማሁት፣ ጥሩ ነው። ግን የተጻፈው በዓይን የማይታይ ሰው ላይ ነው። የሚታየውን በወንበር አስቀምጠው፣ የማይታየውን በአንቀጽ ያሳድዳሉ።

"እንግዲህ" አለ መድረክ መሪው፣ "ወደ ሻይ ከመውጣታችን በፊት አባታችን አቶ ሻንካ ይመርቁናል።"

የጋሞ መራቂ ሳር ይጨብጣልና፣ አንድ ሰው ከሆቴሉ አትክልት የታጨደ እርጥብ ሳር አምጥቶ ለሻንካ ሰጠው። ሁሉም ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። ከዚያ አፌ ሳላዘው ተናገረ።

"ጥያቄ አለኝ።"

"እናታችን፣ ጥያቄ ከሻይ በኋላ ነው።"

"ለረቂቁ አይደለም። ለመራቂው ነው።"

ሰዎች ሳቁ። እኔ የወንበሩን መደገፊያ ይዣለሁ። "አቶ ሻንካ" አልኩ፣ "የኦቾሎውን ሸማኔ ጋልቦን ያስታውሱታል? ልጁ ነኝ።"

ፊቱ በራ። እውነት እላችኋለሁ፣ እንደ ሕፃን ነው የበራው። "የጋልቦ ልጅ! እንዴ፣ እንዴት እረሳለሁ! የእናትሽ ገንፎ! መሃሉ ላይ ቅቤው እንደ ሐይቅ ተኝቶ! ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ገንፎ በላሁ ብልሽ ውሸት ነው።" ወደ ባለሥልጣናቱ ዞረ። "የጋሞ መስተንግዶ ማለት ይኼ ነው! አባቷ ጎድን ያስቀርልኝ ነበር። በአንዱ ዓመት የታረደው ቀይ በሬ ነበር፣ አንድ ቀንዱ ወደ ታች የታጠፈ።"

"ልክ ነው፣ ታጥፎ ነበር። ሌላስ ምን ያስታውሳሉ?"

"ሁሉን! እርጅና ገላዬን ነው የነካው፣ ጭንቅላቴን አልነካም።"

"እንግዲያው በዚያ ዓመት ከቤታችን የወሰዱት ልጅ ስሙ ማን ነበር?"

ሳሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። "ልጅ… እንግዲህ ልጄ፣ ስንቱን ልጅ ሰው አድርገናል። ያኔ እኮ ወላጁ ራሱ ነው ውሰድልኝ እያለ የሚለምነን። ዛሬ ግማሹ ባለ ፎቅ ነው።"

"ፎቁን አልጠየቅኩም። ስሙን ነው።"

"ታደሰ!" አለ ድንገት፣ ትምህርቱን ያላጠና ተማሪ እንደሚገምተው። "ታደሰ አልነበር?"

አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀና ወዲያው ሳቁን ዋጠ። መድረክ መሪው ድምፅ ማጉያውን ያዘ። "እናታችን፣ ስሜታዊ አንሁን። ይህ የሰላም መድረክ ነው። የግል ጉዳይ ካለ ከስብሰባው በኋላ በጽሑፍ…"

ደግሞ የሰላም መድረክ! ያው ጃንጥላ ነው፣ ጨርቁን ብቻ ነው የቀየሩት። "እኔ የወንጌል ሰው ነኝ" አልኩ፣ "ሳርና ዱቡሻ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ግን በዱቡሻ ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ሳይናገር ሳር አይጨብጥም። ልጁ አንጁሎ ነበር ስሙ። እኔ ለዚህ ምርቃት አሜን አልልም።" አልኩና ተቀመጥኩ። ከኋላ ሁለት ሴቶች አብረውኝ ተቀመጡ፤ ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። የቀረው አዳራሽ አሜን አለ። ሻይ እየጠበቃቸው ነበር።

መክሊት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሻይ ላይ ሻንካ ሳምቡሳውን እያኘከ አጠገቧ ደረሰና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ልጄ መሆኗን አላወቀም። "አንቺ ነሽ የቢኒ ልጅ? ነግሮኛል፣ ነግሮኛል። ቢኒን እንደ ልጄ ነው የማውቀው። ሂጂ፣ አገር እዪ፣ ሰው ትሆኛለሽ።"

"አሁን ሰው አይደለሁም እንዴ አባባ?" አለችው።

ሻንካ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ የሳምቡሳው ፍርፋሪ ኮቱ ላይ ረገፈ።

ከሴቻ ወደ ሲቀላ ስንወርድ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። መክሊት በመስኮቱ በኩል ናት። ቁልቁለቱን ስንጀምር ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ድምፁን ደግሞ ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው። እኔ "ሰው ይሰማል፣ ዝቅ አድርጊ" አልኳት፤ አልሰማችኝም።

"ሄሎ እህቴ! የኔ ቆንጆ! ትኬቱ ተያዘ እኮ። እናት እሺ አለች?"

"ቢኒ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስሜ ማን ነው?"

"እ?"

"ስሜ። ስንት ጊዜ አውርተናል። ማን እባላለሁ?"

"ኧረ እህቴ፣ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው!"

"ጨዋታ ነው። ተጫወታ።"

ከፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ዞረው አዩን። "እኔ እኮ" አለ ቢኒ እየሳቀ፣ "ሰው በስም አልይዝም፣ ይምታታብኛል። ስልኬ ላይ የመዘገብኩሽ… ቆይ… 'አርባ ምንጭ ኮምፒውተር' ነሽ አይደል?"

ከጎኔ ዘንቢል ማንጎ የታቀፈች ሴት "ዝጊው ልጄ፣ ካርድሽን በከንቱ አትጨርሺ" አለች። መክሊት ዘጋችው። ቢኒ መልሶ ደወለ፣ አላነሳችውም፤ እንደገና ደወለ። ሲቀላ እስክንወርድ ስልኩ ጭኗ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከሚኒባሱ ወርደን ስንሄድ የአንጁሎንና የነጠላዎቹን ዳር ታሪክ ነገርኳት፤ ቤት እንደገባን ነጠላውን ጠየቀችኝ። ከሣጥኑ ሥር አወጣሁላት፣ የመጀመሪያውን፣ እናቴ እስክትሞት የለበሰችውን። ናፍታሊን ስለማላስገባ ብል ቦታ ቦታውን በሳስቶታል። ሁለቱን ዳር እየቆነጠጠች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበትና ቀኙ ላይ ቆመች። "ይኼኛው ነው ልሉ" አለች። የአባቴ ጣቶች ናቸው ያሏት፤ ልብ ብዬ አላየኋቸውም ነበር።

አሁን ማለዳ ማለዳ አብራኝ ሙዝ ታወርዳለች፤ ማስታወቂያ ሲወጣም ሄዳ ታያለች። ረቂቁ ለሁለተኛ ጊዜ ሴቻ ላይ ውይይት ይደረግበታል ተብሎ ሰፈራችን ተነገረ። ለእናቶች ተወካይነት ሌላ ሴት መርጠዋል፣ ዝም የምትል ናት አሉ። ሻንካ ግን ይመርቃሉ ተብሏል።